መሰላሉን ወደ ላይ የሳብኩ ዕለት

መካኒክ ያገባች ሴት ነገሩን ታውቀዋለች፤ ቤት የሚገባው ዕቃ ሁሉ ወይ የተፈታ ነው፣ ወይ ሊፈታ ነው። የእኔ ባል አምቦ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ከሐራጅ ሬሳውን አንስቶ ነፍስ የዘራበት አሮጌ ላንድሮቨርም ነበረው። በገበያ ቀን ወደ ጉደርና ወደ ጊንጪ ሰውና እህል ይጭንበታል፤ በሌላው ቀን ከሥሩ ተንጋሎ ይውላል። «ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር የተኛኸው ይበዛል» ስለው አንገቱን ይደፋል። ዓይን አፋር ሰው ነው። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነበርኩ፤ በየቀኑ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት የሚቆም ሰው ዓይን አፋርነቱን ከጥቁር ሰሌዳው ጋር ጠርጎ ይጥለዋል።

የምንኖረው በእናቱ ግቢ ነበር፣ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ዳር። አማቴ ደግ ናቸው። እኔን የፈጀኝም ይኸው ደግነታቸው ነው። ከጌዶ የታመመ ሲመጣ ማረፊያው እሳቸው ቤት ነው። ከጀልዱ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የመጣ፣ ከባኮ ለፈተና የመጣ፣ አውቶቡስ ያመለጠው፣ አውቶቡስ ሳያመልጠው ጨዋታ የያዘው፣ ሁሉም ገብቶ ያድራል። በጅባትና ሜጫ አውራጃ ውስጥ የአማቴ ሳሎን ላይ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም። የእኔና የባሌ መኝታ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚለየው በአንድ ባለ አበባ መጋረጃ ነበር። አንዱ ጨው ፍለጋ ይገልጠዋል፣ አንዷ በእኔ መስታወት ልታበጥር ትገባለች። የአማቴ የጤፍ ጎታ ደግሞ ከአልጋችን ግርጌ ስለነበር እሳቸው ምክንያትም አያስፈልጋቸውም። ባሌን «ናፈቅኸኝ» ለማለት ስፈልግ ጋራዥ ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ እዚያም ቢሆን ደንበኛ ቆሞ ይሰማል።

ስለዚህ በሕይወቴ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጓሮ አንዲት ክፍል፣ ክፍሏም በር ያላት፣ በሩም ከውስጥ የሚቀረቀር። ቀበሌው ስንት ደጅ ካስጠናን በኋላ ፈቅዶልናል። ዕቁባችን ሲወጣ ቆርቆሮውንና ማገሩን እገዛለሁ ብዬ በልቤ ክፍሏን ሠርቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ አልጋዬን አስገብቼ ጨርሻለሁ። ዕቁቡም ወጣ። እሱ በወጣ ሰሞን ባሌ ከባኮ አንድ ወሬ ይዞ መጣ።

ባኮ በቆሎ ሲያጠና የኖረ አንድ ፈረንጅ ነበር። መኪናው ሲበላሽበት ባሌን ያስጠራዋል። አሁን ጊዜው አልቆ ወደ አገሩ ሊሄድ ነውና ዕቃውን እየሸጠ ነው አለኝ። ከሚሸጠው አንዱ መኪና ጣሪያ ላይ የሚታሰር ድንኳን ነው። ታጥፎ ሲዘጋ ትልቅ ሳጥን ይመስላል፤ ሲገለጥ ግን ፍራሽ ያለው፣ መስኮት ያለው፣ ዚፕ የሚዘጋው፣ በትንሽ መሰላል የሚወጣበት ቤት ይሆናል። ፈረንጁ የባኮን ወባና እባብ ፈርቶ ነበር ያስመጣው። ባሌ ይህን ሲነግረኝ እጁ ሁሉ እየተናገረ ነው፤ ዚፑን እንኳ አየር ላይ ከፍቶ ዘጋልኝ። ዋጋውን ጠየቅኩት። ያ ፈረንጅ የዕቁባችንን ልክ የት እንደሰማ አላውቅም፤ ልክክ ብሎ አረፈ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኼ ነው» አልኩት። ጭልሞ ጫካ ሄደን እናድራለን፣ ደንዲ ሐይቅ ዳር እናድራለን፣ አየር እንቀይራለን ይለኛል። የአምቦ አየር ምን ሆነ? ደግሞስ አባቶቻችን ውጭ ማደር ሰልችቷቸው አይደል እንዴ ቤት መሥራት የጀመሩት? አማቴ ነገሩን ሲሰሙ ባልና ሚስት እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ሊያድሩ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድንኳኑ ቤታችን ውስጥ ስሙ ቆጡ ሆኖ ቀረ።

ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው፣ ከስልጤ አገር የመጡ አንድ ነጋዴ ነበሩ። ባሌ ምክራቸውን ይወዳል። ሄዶ ሁሉንም አስረዳቸው፤ እኔም ስኳር የምገዛ መስዬ ቆምኩ። ሲዘንብስ አሉት፣ አያስገባም አላቸው። ድንኳኑ ተገልጦ ሳለ መኪናው ቢፈለግስ አሉት፣ አጥፎ መነሳት ነው አላቸው። በገበያ ቀን እህሉን የት ትጭናለህ አሉት፤ ለካ የጣሪያው ቦታ እንጀራችን መሆኑን ረስቶታል። ሰውየው ስኳሬን እየመዘኑ «ዕቃው ጥሩ ነው፤ ገዢው ግን አንተ አይደለህም» አሉት። ደስ ብሎኝ በስኳሩ ላይ ብስኩት ጨመርኩ።

ባሌ ግን ካመረረ አመረረ ነው። ዓይን አፋር ሰው ግትር ሲሆን ከበሬ ይብሳል፤ አይጨቃጨቅም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። በመጨረሻ ተስማማን፤ ፈረንጁ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ያውሰን፣ ሄደን እንሞክረው፣ ከዚያ ይወሰን። ፈረንጁ እሺ አለ። ባሌ በራሽን ከሚያገኛት ቤንዚን ላይ ለቀናት ቆጠበ። ለመንገዱ ከቀበሌ መሸኛ ማውጣት ነበረብንና እዚያም አብረን ሄድን። ጸሐፊው የጉዞው ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ባሌ «ለመተኛት» አለ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ፤ አልጋ የላችሁም ወይ አለ። ልነግረው አፌን ስከፍት ባሌ ክርኔን ያዘኝ። በመጨረሻ «ለቤተሰብ ጥየቃ» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታበት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደንዲ ሐይቅ ተነሳን። ድንኳኑ በጣሪያው ላይ በጥቁር ሸራ ተሸፍኖ በገመድ ታስሯል። ከከተማ ሳንወጣ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ትንሽ አለፍ ስንል ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ያዙ። መጀመሪያ አልገባንም። ጊንጪ ላይ ለሻይ ስንቆም ነው አንድ የባሌ የድሮ ተሳፋሪ መጥቶ እጁን ጨብጦ «ነፍስ ይማር፤ ማን ናቸው?» ያለው። ለካ ሬሳ የጫንን መስሏቸዋል። ባሌ ሊያስረዳ ሲጀምር እኔ ፈጠን ብዬ «ዕቁባችን ነው» አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው፣ ባሌ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ፣ እኔ ግን ከጊንጪ እስከ ሐይቁ ስስቅ ሄድኩ።

ደንዲ ደጋ ነው። መኪናው እስከቻለው ድረስ ወጥተን፣ ሐይቁ ቁልቁል የሚታይበት ግጦሽ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ጥድ አጠገብ ቆምን። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ጭስ የሚጨስባቸው ቤቶች አሉ። ፀሐይዋ ገና ነበረች፤ ነፋሱ ግን አጥንት ይፈልጋል። ባሌ ሸራውን ፈታ፣ አንዱን ብረት ሳበ፣ ሌላውን ገፋ፤ ሳጥኑ ዋ ብሎ ተከፈተና ቤት ሆነ። መሰላሉን አቆመልኝ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ሸፈተ። ፍራሹ ከእኛ አልጋ ይሻላል። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። ዚፑን ወደ ታች ስስበው ነፋሱም ድምፁም ቀረ፤ ሰው የለም፣ ሳል የለም፣ ጨው የሚፈልግ የለም። ለትንሽ ጊዜ በጀርባዬ ተንጋለልኩና ጣሪያውን ብቻ አየሁ። ከዚያ ክፍሌ ትዝ አለችኝ። ይኼ ሰውዬ አሁን ወጥቶ እዚህ አጠገቤ ከተኛ አለቀልኝ፤ እሺ እለዋለሁ፣ ክፍሏም በዚያው ትቀራለች። ዘልዬ ተነሳሁና መሰላሉን ወደ ላይ ሳብኩት።

ባሌ ብርድ ልብስና ስንቅ ተሸክሞ ሲዞር መሰላሉ የለም። ቀና ብሎ አየኝ። አሁን እንነጋገር አልኩት። ውረጂ አለኝ፣ ቤቴ ነው አልወርድም አልኩት። መሰላሉን መልሺ አለኝ፣ ክፍሏን እሠራለሁ በልና ማል አልኩት። መኪናውን እየዞረ ይለምነኛል፤ እኔም ከመስኮት ወደ መስኮት እየተከተልኩ ከላይ እመልስለታለሁ። ነፋሱ ስለሚያይል ሁለታችንም እንጮኻለን። እሱ መሳቅ ጀምሮ ነበር፣ እኔም እንደዚያው፤ ግን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሳቅና ልቅሶ በነፋስ ውስጥ አንድ ናቸው።

ከሩቅ የሚያይ ሰውም ነበር። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ለእንግዳ ብለው ወተት በቅል ይዘው ከመንደሩ ሲመጡ ይህን ሁሉ አዩ። ሚስት መኪና ጣሪያ ላይ ወጥታ መሰላል ይዛለች፤ ባል ከታች ይለምናል። ቅሉን ሣሩ ላይ አስቀመጡና «ማል ታተን?» ብለው ምን ሆናችሁ እንደ ማለት ጮኸው ጠየቁን። መልሳችንን ግን አልጠበቁም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መጡበት ሮጡ። ባሌ የአገሩን ልማድ ስለሚያውቅ ፊቱ ተለወጠ። በዚያ አገር ሴት ቤት እያላት ሜዳ ላይ ከተቀመጠች ተበድላለች ማለት ነው፤ የተበደለችን ሴት አይቶ ያለፈ ሰው ደግሞ ዕዳው እሱም ላይ ነው። «ውረጂ፣ ጃርሶሊ ሊመጡብን ነው» አለኝ፣ ሽማግሌዎቹን ማለቱ ነው።

ከመውረዴ በፊት መጡ። ከፊት ረጅም፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ወተቱን ያመጡልን ሴት ባል። ከኋላቸው ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች አሉ። ሴትየዋም ተከትለዋል። ሰላምታው በኦሮምኛ ረጅም ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት ተጠያየቅን። ከዚያ ሽማግሌው ቀና ብለው «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ ውረጂ» አሉኝ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲጠሯችሁ አለመውረድ አይቻልም። መሰላሉን መልሼ ወረድኩ። ጥዱ ሥር እሱን በቀኝ፣ እኔን በግራ አራርቀው አስቀመጡን።

ባሌ አልተጣላንም አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህን አባባል ከስንት በዳይ ሰምተውታል። ድንኳን ልንሞክር ነው የመጣነው አለ። ሽማግሌው ዞር ብለው የመኪናውን ራስ አዩና ቤት የለህም ወይ ብለው ጠየቁት። አለኝ አለ። ታዲያ ሚስትህን ከቤትህ አውጥተህ ነፋስ ላይ የምታሳድራት ምን ብታደርግህ ነው አሉት። ባሌ ይህን በምን አፉ ያስረዳ። መካኒክ ነው፤ ብሎን ነው የሚያውቀው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ተበዳይ ትናገር አሉ።

መቼም ሸንጎ በእግሩ ሲመጣ ዝም ማለት ነውር ነው። ባልና ሚስት እየተቀላለድን ነበር ብል ኖሮ ነገሩ ወተት ተጠጥቶ ባለቀ። እኔ ግን ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ አንገቴን ደፋ አደረግኩ። ኦሮምኛዬ መስማቱ ላይ ጥሩ ነው፣ መናገሩ ላይ ግን ሰው ያስቃል፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ስለ መጋረጃው ነገርኳቸው፣ ስለ ጎታው፣ ስለ እንግዳው ሁሉ። ዕቁባችን ለክፍሏ ተጥሎ ሲያበቃ ይኼ ሰውዬ መኪና ላይ ሊያወጣው ነው አልኩ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ወደ ባሌ ዞሩ። እሱ እኔን አየኝ። እንዲህ ታደርጊኛለሽ ወይ የሚል አተያይ ነበር፤ ትንሽ ደነገጥኩ፣ ግን ነገሬን አላጠፍኩም።

ባሌ ለረጅም ጊዜ ሣር ሲነቅል ቆየ። ሲናገር ወደ መሬት ነበር የሚያየው።

«ድንኳኑን ለሽርሽር አይደለም የፈለግኩት» አለ። «ክፍሉን ብሠራም እንግዳ ይይዘዋል። እናቴን ሰው አታስገቢ ማለት አልችልም፣ እሷም ብትሆን እንግዳ ሲመጣ አስችሏት አትከለክልም። መኪና ጣሪያ ላይ ግን እንግዳ አይወጣም። ከእሷ ጋር ብቻዬን መሆን አማረኝ።»

ይህን በሽማግሌ ፊት የተናገረ ወንድ በዚያ አገር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተጋብተን ስንኖር ይኼ ሰውዬ አማረኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ወጥ እንኳ ጨው ሲያንሰው ዝም ብሎ ነው የሚበላው። እኔ ፈልጌው የምሄደው፣ እሱ ዝም ብሎ የሚቀበለኝ ይመስለኝ ነበር። ወድጄው የኖርኩትን ሰው እንደገና ወደድኩት፤ ሽማግሌ ባይኖር ተነስቼ አቅፈው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው መከሩ። ሲመለሱ ረጅሙ ሽማግሌ ፍርዱን ተናገሩ። ቆጡ ለባለቤቱ ይመለስ። ክረምት ሳይገባ ክፍሉ ይሠራ፣ በሩ ከውስጥ ይቀርቀር። እናቱን መናገር እሱ ካፈረ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በጊንጪ ገበያ መልእክት ይልካሉ። ክፍሉ መሠራቱንም ሽማግሌው አምቦ መጥተው በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁን፤ ከወተቱ አንድ ቅል አፍ እየተቀባበልን እኔና እሱ ጠጣን። ያልተጣላን ሰዎች ታረቅን። ከእውነተኛ ጠብ በኋላ እንኳን እንደዚያ ያለ እርቅ አይቼ አላውቅም።

ድንኳኑንስ ብትሉኝ፣ አድሬበት አላውቅም። እንግዳ መንደራችን መጥቶ ውጭ አደረ ቢባል የት እንገባለን ብለው ሽማግሌው እጃችንን ይዘው ቤታቸው አስገቡን። ከልጆቻቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸውና ከሁለት ጥጆች ጋር አንድ ላይ አደርን። ስለዚህ የመኪና ጣሪያ ድንኳን ልግዛ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ምክሬ አጭር ነው፤ ዕቃው ያለ ጥርጥር ጥሩ ነው፣ አገራችን ግን አያስተኛህም።

መልእክቱ አማቴ ዘንድ ሲደርስ አኮረፉ። ጥቂት ቀን ከእኔ ጋር በእህልና በውሃ ጉዳይ ብቻ ተነጋገሩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎታቸውን አስነስተው ሳሎን ጥግ አስቁመውታል። እኔም ሄጄ እግራቸውን አጠብኳቸው። ባሌም ድንኳኑን መለሰ፣ ቆርቆሮው ተገዛ፣ ክፍሏ ተሠራች። መቀርቀሪያውን ባሌ ራሱ ከአሮጌ የመኪና ብረት ቀጥቅጦ ሠራው፤ ያን መቀርቀሪያ ከፍቼ ዘግቼ አልጠግብም ነበር። አልጋችንን ባስገባንበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የግቢው በር ተንኳኳ።

ሽማግሌው ናቸው፣ ሚስታቸውን ይዘው። ሴትየዋ ዓይናቸውን ታመው ለሆስፒታል ነው የመጡት፤ ሽማግሌውም በዚያው ፍርዳቸውን ሊያዩ። ክፍሏን ገብተው አዩ፣ በሩን ገፋ ገፋ አደረጉ፣ መቀርቀሪያውን ሞከሩ፣ ደስ አላቸው። ከዚያ ሰው ሁሉ የት ይተኙ ብሎ ማሰብ ጀመረ። አማቴ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሳሎን አለ አሉ። ሳሎኑ ውስጥ ከጌዶ የመጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ዓይናቸውን የታመሙ አሮጊት እዚያ መሐል ተኝተው ሲረገጡ ታየኝ። ሳላስበው «እዚህ ነው የሚያድሩት» ብዬ የክፍሌን በር ከፈትኩላቸው። ባሌ አየኝ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ ገድዬው ነበር።

እኛ ወደ መጋረጃችን ተመለስን። ጠዋት አማቴ ተጨነቁ። ገበሬ ዶሮ ሲጮህ ነው የሚነሳው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ፀሐይ ግቢው መሐል ደርሳ አልወጡም። አሟቸው እንደሆነ እዪ ብለው ላኩኝ። በሩ ላይ ስደርስ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ የሴትየዋን ሳቅ ሰማሁ፤ የልጃገረድ ሳቅ ነበር። በእግሬ ጣት ተመልሼ ደህና ናቸው አልኳቸው።

በኋላ ሴትየዋን ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ወረፋ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ እጄን ይዘው ያወሩኝ ጀመር። ሲያገቡ የባላቸው እናት ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ከዚያ ልጆቹ መጡ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቹ። ባለጉዳይም በየቀኑ ደጃፋቸው ላይ ነው፤ ባላቸው የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁ ሰው ናቸውና። በሰው ፊት ባልን በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ እሳቸውም ጠርተዋቸው አያውቁም።

«ትናንት በሩን ዘጋንና በስሙ ጠራሁት» አሉኝ። «ማን እንደጠራው ለማወቅ ዞር ብሎ አየ። ላንቺ ፈረደልሽ፣ ልጄ። ለእኔ ማን ይፈርድልኛል?»

የታመመ ዓይናቸው ያለቅስ ወይም ይስቅ እንደሆነ አልለየሁም። መድኃኒታቸውን ተቀብለን ወደ ቤት ስንመለስ ሽማግሌው ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ባሌ አጠገባቸው ቆሞ ያጫውታቸዋል፣ አማቴ ጥጥ ይፈትላሉ። ከሳሎን ሁለት ዱካ አወጣሁ፤ አንዱን በሽማግሌው ቀኝ፣ አንዱን በግራ አራርቄ አስቀመጥኩ። ሴትየዋን አንዱ ላይ አስቀመጥኳቸው። አማቴን ልቃቂቱን ይተውትና ይቅረቡን አልኳቸው፣ ባሌንም ቁጭ በል አልኩት። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«አባቴ» አልኳቸው፣ ባዶውን ዱካ እያሳየሁ፣ «እዚህ ይቀመጡ። ተከሰዋል።»